የትከሻ አጥንትን ደም ቅዳዎች በደጀን–ባሕር ዳር መንገድ ማጥናት፦ ደረጃ በደረጃ

ከደጀን ወደ ባሕር ዳር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ ይዞራል። ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ ያልፋል። ሁለቱም ባሕር ዳር ይገናኛሉ። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አይገልጥም። ሾፌሩ «በማርቆስ በኩል ተዘግቷል» ካለ፣ ረዳቱ ጊዜ አያጠፋም። «በሞጣ! በሞጣ!» እያለ መጣራት ይጀምራል።

በትከሻ አጥንት ዙሪያ ያሉት ደም ቅዳዎች፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚያደርሱት ቧንቧዎች፣ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ለእኔ ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ፒሲ ዋን (የሕክምና ተማሪ፣ ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት) እያለሁ ስማቸውን እንደ ዳዊት በቃሌ ወጣሁት። ሱፕራስካፑላር፣ ሰብስካፑላር፣ ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር… በቃል ፈተናው ቀን መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ጣታቸውን ብብት ላይ አሳርፈው፣ «እዚህ ጋ ቢዘጋ እጁ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። የከተሞቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ግን አላውቅም።

እዚህ የምናጠናው መንገዱን ነው። ስሙ ከኋላ ይከተላል። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ጀርባውን ለመዳሰስ የሚፈቅድ አንድ ጓደኛ፣ ከተገኘም የበግ ወርች አጥንት ነው። ለጤና ተማሪ፣ ለነርስና ለጤና መኮንን ይጠቅማል። ሌላውም ሰው ቢያነብበው አይከብደውም።

ደረጃ 1፦ አጥንቱን በእጅ መያዝ

ለፋሲካ በግ ሲታረድ እናቴን «እማ፣ የወርቹን ጠፍጣፋ አጥንት እንዳትጥይብኝ» አልኳት። «ምን ሊያደርግልህ ነው ልጄ? ደግሞ ጥንቆላ ጀመርክ?» አለችኝ። ቀቅዬ፣ ሥጋውን ልጬ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ከገዛኋቸው መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወርቹ ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ሦስት ማዕዘን ነው። በውጭው ገጹ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ሸንተረር አለው። በጠባቡ ጫፍ ደግሞ የክንዱ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አለ። የሰውም አጥንት እንዲሁ ነው፤ አቀማመጡ ግን ይለያል። በግ በአራት እግሩ ስለሚቆም አጥንቱ ከጎኑ ተለጥፎ ሰፊው ጠርዝ ወደ ላይ ይሆናል። ሰው ላይ ይኸው ሰፊ ጠርዝ ወደ አከርካሪ ይዞራል። ስለዚህ የበጉን አጥንት ስትይዙ ሰፊውን ጠርዝ ወደ አከርካሪያችሁ፣ ሳህኑን ወደ ክንዳችሁ አዙሩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አያሳስታችሁም። አንድ ነገር ብቻ አትፈልጉበት፦ በግ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ማለትም ክላቪክል፣ የለውም።

አሁን ወደ ጓደኛችሁ ጀርባ ሂዱ። አጥንቱ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ጎድን ድረስ ይሸፍናል። ሸንተረሩን በጣታችሁ ተከተሉት። ወደ አከርካሪ ያለው መነሻው በ3ኛው የደረት አከርካሪ ትይዩ ነው። የታችኛው ሹል ጫፍ በ7ኛው ትይዩ ይገኛል። ይህ እጅ ወደ ታች ተለቅቆ ሲቆም ነው። ጓደኛችሁ እጁን ቢያነሳ ጫፉ ወዲያው ወደ ጎን ይሸሻል።

እንዴት እንደሚሸሽ ማየት ከፈለጋችሁ እስክስታ አስመቱት። የጎጃም እስክስታ ትከሻ ነው። አጥንቱ ከጎድኖቹ ጋር በመገጣጠሚያ አልታሰረም፤ በጡንቻ ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ወደ ክንድ የሚሄደው ዋና ደም ቅዳ በዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ መሀል ነው የሚያልፈው። ክንድ ሲወጣና ሲወርድ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይጫናል። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ መንገድ መኖሩ አያስገርምም። በሰውነታችን ውስጥ በጉልበት፣ በክርንና በሌሎችም ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ዙሪያ እንዲህ ዓይነት መረብ አለ።

ወረቀቱ ላይ አጥንቱን ከጀርባ በኩል አድርጋችሁ ሳሉ። ትልቅ አድርጋችሁ ሳሉት፤ ጠባብ ሥዕል ላይ መንገድ አይሰመርም።

ደረጃ 2፦ ዋናውን መንገድ ማስመር

ግሽ ዓባይ ላይ የሚፈልቀው ውኃ ጣና እስኪገባ ግልገል ዓባይ ነው። ከጣና ሲወጣ ዓባይ ይባላል። ሱዳን ሲገባ ሌላ ስም ይሰጡታል። ወደ እጃችን የሚወርደው ደም ቅዳም አንድ ሆኖ ስሙ በየኬላው ይለዋወጣል።

ከልብ አናት በሚነሳው በአዎርታ ቅስት እንጀምር። በግራ በኩል ሰብክላቪያን ደም ቅዳ በቀጥታ ከቅስቱ ይወጣል። በቀኝ በኩል መጀመሪያ ብራኪዮሰፋሊክ የሚባል አጭር ግንድ ይወጣና ሰብክላቪያን ከእሱ ይለያል። ከዚህ በኋላ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ኬላ የ1ኛው ጎድን የውጭ ጠርዝ ነው። እዚያ ሲደርስ ሰብክላቪያን አክሲላሪ ይሆናል፤ የብብት ደም ቅዳ ማለት ነው። ሁለተኛው ኬላ የቴሬስ ሜጀር ጡንቻ የታችኛው ጠርዝ ነው። እሱን ሲያልፍ ብራኪያል ይባላል፤ የክንድ ደም ቅዳ።

ሰብክላቪያንም አክሲላሪም በተራቸው ሦስት ሦስት ክፍል አላቸው። ክፍሉን የሚወስነው ፊቱ ላይ የሚያቋርጠው ጡንቻ ነው። ሰብክላቪያንን የሚያቋርጠው ስካሊነስ አንቲሪየር፣ አክሲላሪን የሚያቋርጠው ደግሞ ፔክቶራሊስ ማይነር ነው። ከጡንቻው በፊት ያለው አንደኛ ክፍል፣ ከኋላው የተደበቀው ሁለተኛ፣ ያለፈው ሦስተኛ ይባላል። በወረቀታችሁ ላይ ደም ቅዳውን በቀይ አስምሩ፤ የሚያቋርጡትን ሁለት ጡንቻዎች ደግሞ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ሳሉበት። በኋላ «የት ጋ ነው የተዘጋው?» ስንል የምንጠቅሰው እነዚህን ክፍሎች ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስቱ ቅያሶች

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

በካርታችን ላይ ደጀን ታይሮሰርቪካል ትራንክ ነው። ከሰብክላቪያን አንደኛ ክፍል የሚወጣ አጭር ወፍራም ግንድ ነው። ወዲያው ይበታተናል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ሱፕራስካፑላር ይባላል፤ የመጀመሪያው ቅያሳችን። ከክላቪክል ጀርባ ተሸሽጎ ወደ ውጭ ይሄድና የትከሻ አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ይደርሳል። እዚያ ጠርዙ የተገመጠ የመሰለ ትንሽ ቦታ አለው። በተገመጠው ቦታ ላይ አንዲት አጭር ጅማት እንደ ድልድይ ተዘርግታለች።

ፈተና የሚወደው ድልድዩን ነው። ደም ቅዳው በድልድዩ ላይ ያልፋል። አብሮት የመጣው ሱፕራስካፑላር ነርቭ በድልድዩ ሥር ይሾልካል። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ ገልብጬ መልሻለሁ። በመጨረሻ የዳንኩት በአገሬ ቋንቋ ነው፦ ደም ቅዳው ደገኛ፣ ነርቩ ቆለኛ። «ደ» ለ«ደጋ» ትበቃኛለች። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ሱፕራስካፑላር ከሸንተረሩ በላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ቀጥሎ ሸንተረሩ በሚያልቅበት በሳህኑ በኩል ታጥፎ ከሸንተረሩ በታች ወዳለው ጉድጓድ ይገባል። ይህን መታጠፊያ በበጉ አጥንት ላይ በጣታችሁ ሂዱበት። ጣት የሄደበትን ጭንቅላት አይረሳም።

ሁለተኛው ቅያስ ዶርሳል ስካፑላር ነው። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ወደ አከርካሪ ያለውን ሰፊ ጠርዝ ይዞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከሌቫተር ስካፑላና ከሮምቦይድ ጡንቻዎች ሥር ስለሚሄድ ከላይ አይታይም። የሚያስቸግረው መነሻው ነው። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከሰብክላቪያን ይወጣል፤ ከሦስተኛው ክፍል፣ አለዚያም ከሁለተኛው። በሌሎች ሰዎች ደግሞ ከታይሮሰርቪካል በሚወጣው ትራንስቨርስ ሰርቪካል በሚባለው ቅርንጫፍ በኩል ይመጣል። ያኔ አንዳንድ መጽሐፍ «የትራንስቨርስ ሰርቪካል ጥልቁ ቅርንጫፍ» ብሎ ይጠራዋል። ሁለት መጽሐፍ ይዛችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ብትጣሉ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በካርታችን ላይ ለማቅለል ከደጀን አካባቢ የሚነሳ አድርጋችሁ ያዙት።

ሦስተኛው ቅያስ የሚመጣው ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ከአክሲላሪ ሦስተኛ ክፍል ሰብስካፑላር የሚባለው ይወጣል። ከአክሲላሪ ቅርንጫፎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ወደ ታች 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቶራኮዶርሳል ነው፤ ወደ ጀርባው ሰፊ ጡንቻ ይወርዳል። ለዛሬ እሱን ተዉት። ሌላው ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ነው፤ «ዙሪያ ጥምጥም» እንደማለት። በብብት በኩል ያለውን ጠርዝ ዞሮ ከፊት ወደ ኋላ ይሾልካል።

የሚሾልክበት በር ሦስት ማዕዘን ነው። ከላይ ቴሬስ ማይነር፣ ከታች ቴሬስ ሜጀር፣ በክንድ በኩል የትራይሴፕስ፣ ማለትም የክንዱ የኋላ ጡንቻ፣ ረጅሙ ራስ ያዋስኑታል። ከእሱ ቀጥሎ፣ ከትራይሴፕሱ ወዲያ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ሌላ በር አለ። በዚያ አክሲላሪ ነርቭና የክንዱን አጥንት ከኋላ የሚዞረው ደም ቅዳ ያልፋሉ። ሁለቱን በሮች አታምታቱ። የሦስት ማዕዘኑ በር ወደ ትከሻ አጥንት፣ የአራት ማዕዘኑ በር ወደ ክንድ አጥንት ይወስዳል።

ሰብስካፑላር ከዋናው መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ በካርታችን ላይ ባሕር ዳር ነው። ይህን በትልቁ አክብቡት።

ደረጃ 4፦ መገናኛውን ማገናኘት

ሦስቱም ቅያሶች በስተመጨረሻ አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ዋናው መገናኛ በአጥንቱ ጀርባ፣ ከሸንተረሩ በታች ያለው ጉድጓድ ነው። ሱፕራስካፑላር ከላይ ታጥፎ ይመጣል። ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ከብብት በኩል ይመጣል። ዶርሳል ስካፑላር ከአከርካሪ በኩል ቅርንጫፎቹን ይልካል። አጥንቱ ላይ ጫፍ ለጫፍ ይያያዛሉ። አናስቶሞሲስ የሚባለው ይህ መያያዝ ነው። በአጥንቱ የፊት ገጽም፣ ከጎድኖቹ ጋር በሚነካካበት በኩል፣ ተመሳሳይ ግን ደከም ያለ መረብ አለ። በጎድኖች መካከል የሚያልፉት ደም ቅዳዎችም ከዚህ መረብ ጋር ይያያዛሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አስታውሷት፤ በኋላ ትመጣለች።

በሰላሙ ጊዜ በመገናኛው ላይ ብዙ ትራፊክ የለም። ከሁለቱም በኩል የሚመጣው ደም በመንገዱ ላይ ያሉትን ጡንቻዎች እየመገበ መሀል ላይ ያልቃል። ከደጀን የተነሳ ሚኒባስ ቢቸና ሰው አራግፎ እንደሚመለስ፣ ከባሕር ዳር የተነሳውም ሞጣ አራግፎ እንደሚመለስ አስቡት። መሀል ያለው መንገድ ይኖራል፤ ግን ጭር ያለ ነው።

ደረጃ 5፦ መንገዱን መዝጋት

አሁን ሰማያዊውን እስክሪፕቶ አንሡ። ሥዕላችሁ ላይ ሦስት ቦታ የ«X» ምልክት እናደርጋለን። እያንዳንዱን ከማንበባችሁ በፊት ራሳችሁ መልሱት።

መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ላይ ዝጉ። በሰውነት ቋንቋ የአክሲላሪ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ማለት ነው። ከታይሮሰርቪካል በኋላ፣ ከሰብስካፑላር በፊት። ከመዘጊያው ወዲያ ያለው የደም ግፊት ይወርዳል። ከደጀን በኩል ያለው ግፊት ግን እንዳለ ነው። ደም ደግሞ ሁልጊዜ ከብዙ ግፊት ወደ ትንሽ ግፊት ይሄዳል። ስለዚህ በሱፕራስካፑላርና በዶርሳል ስካፑላር የገባው ደም መገናኛው ላይ አይቆምም። ወደ ሰርከምፍሌክስ ስካፑላር ይሻገራል፤ በእሱ ውስጥ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ በሰብስካፑላር ሽቅብ ወጥቶ አክሲላሪ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይገባል። ከዚያ ብራኪያል፣ ከዚያ እጅ። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ ይሄዱ የነበሩት መኪኖች ፊታቸውን አዙረው ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር መጡ ማለት ነው።

ሰው የሚደናገረው በዚህ ወደ ኋላ መፍሰስ ነው። እኔም ቅርንጫፎቹን እንደ ወንዝ አስባቸው ስለነበር አልገባኝም ነበር። ሙጋም ጨሞጋም ከጮቄ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ እንጂ ዓባይ ወደ ጮቄ አይወጣም። ደም ቅዳ ግን ወንዝ አይደለም። የአስፋልት መንገድ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል። አቅጣጫውን የሚወስነው ግፊቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከባሕር ዳር ወዲያ፣ ወደ ጎንደር ሲኬድ የዓባይ ድልድይ ላይ ዝጉ። ይህም ከሰብስካፑላር በኋላ፣ ከክንዱ ጥልቅ ቅርንጫፍ ከፕሮፈንዳ ብራኪያይ በፊት ያለው ቦታ ነው። አሁን የሞጣ መንገድ ምን ይረባል? በማርቆስም መጣችሁ በሞጣ፣ ባሕር ዳር ላይ ነው የምትቆሙት። በክንዱ አጥንት ዙሪያ ትንንሽ መያያዣዎች ቢኖሩም፣ በድንገት ሲዘጋ ለክንድ የሚበቃ ደም አያሳልፉም። ይህ ቦታ አደገኛው ነው። ቀዶ ሐኪም ደም ለማቆም አክሲላሪን ማሰር የግድ ቢሆንበት፣ ከሰብስካፑላር በላይ ማሰርና በታች ማሰር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ሦስተኛ፣ ደጀን ሳትደርሱ የዓባይ በረሃ ውስጥ ዝጉ። የሰብክላቪያን መነሻ ማለት ነው፣ ታይሮሰርቪካል ከመውጣቱ በፊት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ በደስታ «የትከሻ መረብ ያድነዋል!» ይላል። አያድነውም። ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ደጀን ነው፤ ደጀን ያልደረሰ መኪና ቢቸናም ማርቆስም አይገባም። እጁ እዚህ የሚተርፈው በሌላ ዘዴ ነው። ወደ አንጎል የሚወጣው ቨርቴብራል ደም ቅዳ ፊቱን አዙሮ ደም ወደ ክንድ ይልካል። አንዳንዱ ሰው እጁን ጠንክሮ ሲያሠራ የሚያዞረው ለዚህ ነው፤ ክንዱ ከአንጎሉ ድርሻ እየወሰደ ነው።

የመምህሬ ጣት ብብት ላይ ነበር። አሁን ቢሆን የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ከሰብስካፑላር በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ትንሽ ለሚደፍሩ አንድ ተጨማሪ። ዶርሳል ስካፑላር ከሰብክላቪያን ሦስተኛ ክፍል የሚነሳበት ሰው አለ ብለናል። መዘጊያው ከእሱ መነሻ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ግን ከታይሮሰርቪካል በኋላ ቢሆንስ? ያኔ ዶርሳል ስካፑላር ከሚሰጡት ወገን ወደሚቀበሉት ይዛወራል። ሱፕራስካፑላር ያመጣውን ደም እሱም ወደ ኋላ ተሸክሞ ዋናው መንገድ ላይ ይደፋዋል። ይህን በሥዕል ያገኘ ሰው ነገሩ ገብቶታል።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን መጠየቅ

«የት ተዘጋ?» ብቻ አይበቃም። «በምን ፍጥነት?» ማለትም አለባችሁ።

የሞጣ መንገድ ኮረኮንችና አቧራ የነበረበትን ጊዜ አስቡ። ዋናው መንገድ ዛሬ ጠዋት ቢዘጋና መኪናው ሁሉ ከሰዓት እዚያ ቢፈስስ ይጨናነቃል። ዓመት ተሰጥቶት ቢሰፋ ግን ይችለዋል። ደም ቅዳም እንዲሁ ነው። በስብና በድንዳኔ ቀስ በቀስ የሚጠብብ አክሲላሪ ለቅያሶቹ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ደም ሲበዛ ግድግዳቸውን ይፈትገዋል፤ ግድግዳውም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየሰፋ፣ እየወፈረ ይመልሳል። ጥይት፣ ቢላዋ ወይም የረጋ ደም ግን ጊዜ አይሰጥም።

የስፋቱን ነገር በቁጥር ያዙት። ግፊቱ ሳይለወጥ የቱቦ ስፋት እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ፈሳሽ እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። ፍሰት ከራዲየስ አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ ነው። ተገልብጦም ይሠራል። የዋናው ግማሽ ስፋት ያለው ቅያስ የሚያሳልፈው የዋናውን አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ «መረብ አለ» ማለት «ይበቃል» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው በመሀል ነው፦ እጁ አይሞትም፣ ግን ሥራ አይችልም። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ደህና ነው። አጨዳ ላይ፣ ልብስ እጥበት ላይ፣ እንጨት ፈለጣ ላይ ክንዱ ይዝላል፣ ያመዋል። ሲያርፍ ይለቀዋል። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሁለቱንም ክንድ ግፊት ለኩ። ልዩነቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትሸኙት።

ደረጃ 7፦ በሽተኛው አጠገብ

መጀመሪያ ያቺን የጎድን ነገር እንጨርስ። አዎርታ ከግራ ሰብክላቪያን መነሻ አለፍ ብሎ ከልደት ጀምሮ የሚጠብባቸው ሰዎች አሉ። በእነሱ ላይ የትከሻ መረብ ለክንድ ሳይሆን ለታችኛው ሰውነት ይሠራል። ደም ከሰብክላቪያን ወደ ትከሻ አጥንት፣ ከዚያ ወደ ጎድን ደም ቅዳዎች፣ በእነሱ ወደ ኋላ ተጉዞ ከጥበቱ በታች ያለው አዎርታ ላይ ይገባል። ወጣት ሰው በክንዱ ላይ ከፍተኛ ግፊት ካለው፣ የብሽሽት ትርታው ከደከመ፣ በትከሻ አጥንቱ ዙሪያም ትርታ ከታየ ወይም ከተዳሰሰ ይህን አስቡ። ጀርባን ገልጦ ማየት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አሁን ወደሚያስፈራው እንሂድ። ብብቱ አካባቢ የተወጋ ወይም የተመታ ሰው መጣ እንበል። የእጅ አንጓውን ትዳስሳላችሁ። ትርታ አለ። «እፎይ፣ ደም ቅዳው ደህና ነው» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ያ ትርታ በሞጣ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል! አክሲላሪ ተበጥሶም ቢሆን በቅያሶቹ የዞረው ደም አንጓ ላይ ትርታ ሊሰጥ ይችላል። ትርታ መኖሩ የሚነግራችሁ እጁ ለጊዜው ደም እያገኘ መሆኑን ብቻ ነው፤ ዋናው መንገድ ክፍት ስለመሆኑ ምንም አይልም። ስለዚህ ከሌላኛው እጅ ጋር አነጻጽሩ። ደከም ካለ፣ ብብቱ እያበጠ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ አለበት። ደም የሚፈስስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑት። በመቆንጠጫ በጭፍን አትፈልጉት፤ ነርቮቹ ደም ቅዳውን አቅፈውት ነው የሚሄዱት።

ከዚህ ሁሉ በላይ በእኛ አገር የሚያሳስበኝ የወለቀ ትከሻ ነው። በዕድሜ የገፉ አባት ከበቅሎ ወደቁ፤ ትከሻቸው ወለቀ። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻን አልንቅም። እጃቸው የሠለጠነ፣ ስንቱን ያቃኑ ሰዎች አሉ። ግን የሽማግሌ ደም ቅዳ ድርቅ ያለ ነው፤ ሲጎተት እንደ ወጣቱ አይለጠጥም። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ይቀደዳል። የሚቀደደውም በአብዛኛው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ሰብስካፑላርና የክንዱን አጥንት የሚዞሩት ቅርንጫፎች እዚያ ላይ እንደ ካስማ ቸክለው ስለያዙት መሸሽ አይችልም። ካርታውን ተመልከቱ። ጉዳቱ የደረሰው ባሕር ዳር ላይ ነው፤ ዋናው መንገድም የሞጣ መግቢያም በሚገናኙበት አደባባይ። ሰብስካፑላር ከሥሩ ከተገነጠለ መረቡ ሁሉ ደህና ሆኖ የሚገባበት በር ያጣል።

ስለዚህ ማንም ሰው ክንዱን ከመሳቡ በፊት የሁለቱን እጅ ትርታ ዳስሱ፣ የጣቶቹን ሙቀትና ቀለም አስተያዩ፣ የትከሻውን ውጫዊ ቆዳ ነካ አድርጋችሁ «ይሰማዎታል አባቴ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ቆዳ በአራት ማዕዘኑ በር የሚያልፈው የአክሲላሪ ነርቭ ድርሻ ነው። ያያችሁትን ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ትከሻው ከገባ በኋላ ሦስቱንም ድገሙ። በፊት የነበረ ትርታ ከጠፋ፣ ወይም ብብት ውስጥ እብጠት ብቅ ካለ፣ «ትንሽ እንየው» አይባልም። ደም ያጣ ጡንቻ ሳይበላሽ የሚቆየው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ለመድረስ ደግሞ ከዚያ ላይ ስንቱ እንደሚሄድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መኪና እስኪመጣ ክንዱን በነጠላ አንገት ላይ እሰሩት፣ አታሙቁት፣ አትሹት። መንገድ ላይ ሳላችሁ በየ15 ደቂቃው አንጓውን እየዳሰሳችሁ፣ ከጤነኛው እጅ ጋር እያመሳከራችሁ፣ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ መዝግቡ። ያንን ወረቀት ለሚቀበላችሁ ሐኪም በእጁ ስጡት።